ዕቃው የእኛ፥ ቍልፉ የሰው

በጉና ግርጌ ባሉት ገበያዎች በቅሎ የሚገዛ ሰው ዐይኑን ጨፍኖ ብሩን አይቈጥርም። መጀመሪያ ጥርሷን ያያል፤ ቀጥሎ ኮቴዋን ያነሣል፤ ዳገት ያስወጣታል፥ ቍልቍለት ያወርዳታል፤ የተሰረቀች እንዳትሆን ሻጩን ዋስ ያስጠራዋል። ይህ ሁሉ ከተፈጸመ በኋላ ግን ነገሩ ያለቀ ነው። በቅሎዋ ከነልጓሟ የገዢው ናት። ወደ እስቴ ቢጭናት፥ ወደ ጋይንት ቢነዳት፥ ቢያውሳት ወይም ቢሸጣት የቀድሞው ባለቤት አፍ የለውም። ልጓሙን በእጁ አስቀርቶ «በቅሎዋስ ያንተ ናት፤ ነገር ግን እኔ ባልሁት መንገድ ካልሆነ በቀር አትራመድም» የሚል ሻጭ ቢነሣ ገበያተኛው ሁሉ ይስቅበት ነበር።

እነሆ በዘመናችን እንዲህ ያለ ሻጭ ተነሥቷል፤ የሚስቅበት ግን አልተገኘም። የሚሸጠውም ዕቃ የእጅ ስልክ ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። አንድ የደብረ ታቦር ልጅ በአሜሪካ አገር ሠርቶ ያድራል እንበል። በፋርጣ ገጠር ለምትኖረው እናቱ፥ አገሩን ሊጠይቅ በሚመጣ ሰው እጅ አንድ ጥሩ ስልክ ይልካል። ስልኩ ለጥምቀት ይደርሳል። ጐረቤት ይሰበሰባል፤ ካርቶኑ ይከፈታል፤ የእናትየው ሲም ካርድ ከአሮጌው ስልክ ወጥቶ በአዲሱ ይገባል። ስልኩ ይበራል፤ ፎቶግራፍ ያነሣል፤ ሰዓት ያሳያል፤ ዘፈን ያሰማል። አንድ ሥራ ብቻ እንቢ ይላል፤ እርሱም መደወል ነው። በፊቱ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን የሰፈሩ ተማሪ ሲያነበው፥ ይህን ሲም አልቀበልም የሚል ሆኖ ይገኛል። ከተማ ገብተው ለስልክ ጠጋኝ ሲያሳዩት እርሱም አንድ ቃል ብቻ ይናገራል፤ «ሎክ ነው»።

ሌላ ስልክ በኪሱ ላለው ሰው ይህ ነገር ቀልድ ይመስለው ይሆናል። ለዚያች እናት ግን ስልክ ጌጥ አይደለም። ቤሩት ወይም ሪያድ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ሴት ልጅ ካለቻት፥ የልጅቷ ደኅንነት የሚታወቀው አልፎ አልፎ በምትሰማው ድምፅ ነው። የተላከ ብር መድረሱ፥ የሐኪም ቤት ቀጠሮ፥ የድንችና የገብስ ዋጋ፥ የዘመድ መርዶ ሁሉ የሚመጣው በዚያች ዕቃ ነው። ስለዚህ የተቈለፈ ስልክ ለእርስዋ የተዘጋ ደጅ ነው። በዚህ ላይ ልጇ ለስልኩ ያወጣው ገንዘብ በላብ የተገኘ መሆኑን አንርሳ።

ሦስት ቍልፎች በአንድ ስም

«ሎክ» የሚለው አንድ ቃል ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ስለሚሸፍን አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል። ሦስቱን ያልለየ ሰው ገንዘቡን ባልሆነ ቦታ ይከፍላል፤ አቤቱታውንም ለማይመለከተው ሰው ያቀርባል።

የመጀመሪያው የስልክ ኩባንያው ቍልፍ ነው። እያንዳንዱ ሲም ካርድ የአገሩንና የኩባንያውን መለያ ቍጥር በውስጡ ይዟል፤ የኢትዮጵያ መለያ 636 ነው። የተቈለፈ ስልክ ሲም በገባበት ጊዜ ሁሉ ይህን መለያ ያነባል፤ ስልኩን ከሸጠው ኩባንያ የተለየ ከሆነ በሩን ይዘጋል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ታስቦበት የተሠራ ነው። በአሜሪካና በሌሎችም አገሮች ብዙ ሰው ስልክ የሚወስደው ሙሉ ዋጋውን ቈጥሮ ሳይሆን፥ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ያህል በየወሩ እየከፈለ ነው። ኩባንያውም ዕዳው ሳያልቅ ደንበኛው ስልኩን ይዞ ወደ ሌላ ኩባንያ እንዳይሄድበት ይቈልፈዋል።

እስከዚህ ድረስ በኩባንያው መፍረድ አይገባም። በመያዣ ያበደረ ሰው ብድሩ እስኪመለስ መያዣውን ቢይዝ የአገራችንም ልማድ የሚያውቀው ነገር ነው። ጥያቄው የሚነሣው ዕዳው ተከፍሎ ካለቀ በኋላ ነው። መሬቱን በወለድ አግድ የሰጠ ገበሬ ብድሩን ሲመልስ አበዳሪው ከማሳዬ አልወጣም ቢለው ዝም እንደማይል ሁሉ፥ የስልኩን ዋጋ ጨርሶ የከፈለም ሰው ስልኩ እንደ ተቈለፈ ሲቀርበት ዝም ሊል አይገባውም።

ሁለተኛው የቀድሞው ባለቤት ቍልፍ ነው። የዛሬ ስልኮች የጌታቸውን ስምና የምስጢር ቃል ይይዛሉ፤ አይፎን በአፕል መዝገብ፥ ሌሎቹ አብዛኞቹ በጉግል መዝገብ። ባለቤቱ ስሙን ከመዝገቡ ሳያወጣ ቢሸጠው ወይም ቢሰጠው፥ ስልኩ ተጠርጎ እንደገና በሚነሣበት ጊዜ የመጀመሪያውን ጌታ የምስጢር ቃል ይጠይቃል። ይህ ለሌባ የተጠመደ ወጥመድ ነው፤ ነገር ግን ንጹሑንም ይይዛል። ለዚህኛው የሽያጭ ኩባንያውን መክሰስ ከንቱ ድካም ነው። መክፈቻው ያለው በሰጪው እጅ ነው።

ሦስተኛው የጥቍር መዝገብ ነው። እያንዳንዱ ስልክ አይ-ኤም-ኢ-አይ የሚባል 15 አኃዝ ያለው ቍጥር አለው፤ *#06# (ኮከብ፥ መሰላል፥ ዜሮ ስድስት፥ መሰላል) ሲመቱ በፊቱ ላይ ይወጣል። ስልኩ ተሰርቋል ወይም ዕዳው አልተከፈለም ተብሎ ይህ ቍጥር ከተመዘገበ፥ መዝገቡን የሚቀበሉት ኩባንያዎች አያስተናግዱትም። ይህ ቍጥር በአገራችን የብዙ ሰው መነጋገሪያ የሆነው በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ፥ ኢትዮ ቴሌኮም ስልኮችን መመዝገብ በጀመረ ጊዜ ነበር። አሠራሩ ከዚያ ወዲህ ተለዋውጧል፤ ቍጥሩ ግን ዛሬም የስልኩ የክርስትና ስም ነው።

ከነዚህም ሌላ ቍልፍ የማይባል፥ ነገር ግን እንደ ቍልፍ የሚዘጋ አንድ ነገር አለ። በፈረንጆች አቈጣጠር በ2022 በአሜሪካ ገበያ ላይ የዋለው አይፎን 14 የሲም ካርድ ማስገቢያ የለውም። ሲሙ በእጅ የሚያዝ ካርድ መሆኑ ቀርቶ በውስጡ የሚጻፍ ሆኗል፤ ኢ-ሲም ይሉታል። የተላከው ስልክ እንዲህ ያለ ከሆነ የእናትየው ካርድ ቢገባም ባይገባም የሚለው ክርክር አይነሣም፤ የሚገባበት ቀዳዳ የለምና። ስለዚህ ላኪው ከመግዛቱ በፊት «ማስገቢያ አለው ወይ?» ብሎ መጠየቅ አለበት።

ሕግ ምን ይላል?

የሚያስደንቀው ነገር ይህን በመሰለው ጉዳይ አሜሪካና ኢትዮጵያ በአንድ የኢትዮጵያ ዓመት ውስጥ ሕግ ማውጣታቸው ነው። በአሜሪካ አገር ከጃንዩዋሪ 2013 ጀምሮ ሰው የገዛውን አዲስ ስልክ ያለ ኩባንያው ፈቃድ ቢከፍት የቅጂ መብትን ሕግ እንደ ጣሰ ይቈጠር ነበር። ሕዝቡ ጮኸ። ከ114,000 በላይ ሰዎች የፈረሙበት አቤቱታ ለቤተ መንግሥቱ ቀረበ። በመጨረሻም ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማ ኦገስት 1 ቀን 2014፥ በእኛ አቈጣጠር ሐምሌ 25 ቀን 2006 ዓ.ም.፥ ባለቤቱ ስልኩን ለማስከፈት እንዲችል የሚፈቅደውን ሕግ ፈረሙ። ሌሎችም አገሮች ከዚህ አልፈው ሄደዋል። ካናዳ ከዲሴምበር 1 ቀን 2017 ጀምሮ የመክፈቻ ክፍያ እንዲቀርና አዲስ ስልክ ሁሉ ተከፍቶ እንዲሸጥ አደረገች። እንግሊዝም ከዲሴምበር 2021 ጀምሮ ኩባንያዎች የተቈለፈ ስልክ እንዳይሸጡ ከለከለች።

በእኛም አገር በዚያው በ2006 ዓ.ም. የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 813 ወጣ። አዋጁ የስልክን ቍልፍ በስሙ አልጠራም፤ ነገር ግን የሸማችን መብት በግልጥ ቈጠረ። ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ እንዲያገኝ፥ አማርጦ እንዲገዛ፥ ዕቃ ስላማረጠ ወይም ዋጋ ስለ ተከራከረ ብቻ ግዛ ተብሎ እንዳይገደድ፥ በትሕትናና በአክብሮት እንዲስተናገድ ደነገገ። ነጋዴው ደረሰኝ እንዲሰጥ አዘዘ። ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰውም፥ በገዛ በ15 ቀን ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንዲችል አደረገ። ከዚያም እጅግ ቀድሞ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፥ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ኀላፊ መሆኑን ጽፏል፤ ገዢውም ዕቃውን በተቻለው ፍጥነት መርምሮ ጉድለቱን ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዝዛል። እዚህ ላይ ልብ ማለት ያስፈልጋል። ሕጉ ለገዢው መብት ሲሰጠው ሥራም ሰጥቶታል።

እንግዲህ ያቺ የፋርጣ እናት ሁለት ሕግ ቆሞላታል ማለት ነውን? አይደለም። የአሜሪካው ሕግ የሚያውቀው ከኩባንያው ጋር የተዋዋለውን ልጇን ነው። የኢትዮጵያው ሕግ የሚያውቀው ከአገሩ ነጋዴ የገዛውን ሸማች ነው። እርስዋ ግን አልተዋዋለችም፥ አልገዛችም፤ ተሰጣት እንጂ። መብቷ በሁለቱ አገሮች መካከል ባሕር ላይ ቀርቷል። ደብረ ታቦር ላይ ቆማ የምትከስሰው የለም፤ አሜሪካ ያለውም ኩባንያ ስሟን በመዝገቡ አያገኘውም።

የዚህ ጽሑፍ ዋና ቁም ነገር እንግዲህ ይህ ነው፦ የስልክ ቍልፍ መብት የሚሠራው ከመነሻው ነው። ስልኩ ቦሌ ከደረሰ በኋላ ሳይሆን ገና አሜሪካ ሳለ፥ ዕዳውን ከፍሎ የጨረሰው ልጅ ኩባንያውን «ስልኬን ክፈቱልኝ» ሊለው ይገባል። ብዙዎቹ ኩባንያዎች ዕዳው ከተከፈለና በደንባቸው የተወሰነው ጊዜ ከሞላ ይከፍታሉ። ከዚያ በኋላ የሌላ ኩባንያ ሲም ተውሶ ይሞክረው፤ ስሙን ከአፕል ወይም ከጉግል መዝገብ ያውጣ፤ የግዢውን ደረሰኝ ከካርቶኑ ውስጥ ያኑር። ለዘመድ የሚላክ መሶብ ባዶውን እንደማይላክ ሁሉ፥ ስልክም ከነቍልፉ እንጂ ያለ ቍልፉ አይላክም። የሚቀበሉትም ዘመዶች «ላክልን» ብቻ ሳይሆን «አስከፍተህ ላክልን» ማለት ይልመዱ። ይህን ማለት ውለታን ማቃለል አይደለም፤ የላኪው ገንዘብ በከንቱ እንዳይቀር መጠበቅ ነው።

ከደብረ ታቦር ጥቂት ወጣ ብላ ያለችው ጋፋት ስለዚህ ነገር የምትመሰክረው አላት። ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮጳውያን የእጅ ባለሙያዎችን በጋፋት አስቀምጠው ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ ያሠሩት፥ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ብቻውን እንደማይበቃ፥ ጥበቡም አብሮ መምጣት እንዳለበት ስለ ተረዱ ነው። እኛ ዛሬ መድፍ አንሠራም፤ ነገር ግን በእጃችን ያለው ዕቃ እንዴት እንደሚከፈትና እንደሚዘጋ ማወቅ አያቅተንም።

ከሱቅ ለሚገዛ ሰው

እዚሁ ከከተማው ሱቅ ለሚገዛ ሰው ነገሩ ሌላ ነው። እርሱ ሸማች ስለ ሆነ ሕጉ ከጐኑ ይቆማል፤ ይሁን እንጂ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፥ ችኮላ መብቱን ያስጥለዋል።

አንደኛ፥ ብር ከመቍጠሩ በፊት የራሱን ሲም አስገብቶ ይደውል፤ ከዚያም የሌላውን ኩባንያ ሲም አስገብቶ እንደገና ይደውል። ቀድሞ በአገራችን አንድ የቴሌኮም ድርጅት ብቻ ስለ ነበረ የሁለተኛውን ሲም ጥያቄ የሚያነሣ አልነበረም። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ መስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራውን በይፋ ከጀመረ ወዲህ ግን የኢትዮጵያ ሰው ከሁለት አንዱን የመምረጥ ዕድል አግኝቷል። ለአንድ ኩባንያ ብቻ የተቈለፈ ስልክ የያዘ ሰው ይህን ዕድል ገና ሳይጀምረው አጥቶታል። መምረጥ የማይችል ሸማች ደግሞ ገባር እንጂ ሸማች አይባልም።

ሁለተኛ፥ *#06# መትቶ የሚወጣውን ቍጥር ከካርቶኑ ላይ ካለው ጋር ያመሳክር። ሁለቱ ካልተስማሙ ካርቶኑ የአንድ፥ ስልኩ የሌላ ነውና ትቶት ይሂድ። ሦስተኛ፥ ያገለገለ ስልክ ከሆነ ሻጩ በፊቱ የራሱን ስም ከመዝገቡ እንዲያወጣ ይጠይቀው። «በኋላ እልክልሃለሁ» የሚባል የምስጢር ቃል ብዙ ጊዜ አይመጣም። አራተኛ፥ ደረሰኝ ይቀበል። «ያለ ደረሰኝ ከሆነ እቀንስልሃለሁ» የሚል ነጋዴ የሚቀንሰው ዋጋውን ብቻ አይደለም፤ የገዢውንም መብት ነው። በ15 ቀን ውስጥ ተመልሶ «ከአንተ ገዛሁ» የሚል ሰው የሚያሳየው ወረቀት ከሌለው ነገሩ የአፍ ክርክር ሆኖ ይቀራል።

ስልኩ አስቀድሞ ተቈልፎ ለተገኘበት ሰውስ? ስልክ ጠጋኞቻችን መካከል እጃቸው የሠለጠነ፥ ቃላቸውም የታመነ ብዙዎች አሉ። ነገር ግን መክፈት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከኩባንያው በሚገኝ ቍጥር ወይም ፈቃድ የሚከፈት ነው፤ ይህ ተከፍቶ ይቀራል። ሌላው «ፍላሽ» እያሉ የስልኩን የውስጥ ጽሑፍ በመለወጥ የሚደረገው ነው፤ በዚህኛው ያለው ፎቶግራፍና የስልክ ቍጥር ሁሉ ሊጠፋ፥ ስልኩም ራሱን ባደሰ ጊዜ ተመልሶ ሊቈለፍ ይችላል። ስለዚህ ባለቤቱ በየትኛው መንገድ እንደሚከፈትለት ይጠይቅ፤ ያለውን ሁሉ አስቀድሞ ወደ ሌላ ቦታ ያስገልብጥ፤ ሙሉውን ክፍያ የሚሰጠው በዐይኑ ፊት ተደውሎ ሲያይ ይሁን።

በክንድ ርቀት ላይ ባሕር ማዶ

ከቍልፉ ቀጥሎ የሚመጣው አቤቱታ «ሮሚንግ» ስለሚባለው ክፍያ ነው። ይህም ስልክ ከአገሩ ወጥቶ በሰው አገር መረብ ሲሠራ የሚከፈለው ነው።

ለጥምቀት ወይም ለጥር መርቆሬዎስ ደብረ ታቦር የመጣ አንድ እንግዳ የአሜሪካ ቍጥሩን እንደ ያዘ ነው እንበል። ከአጎቱ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጧል። አጎትየው «እስቲ ቍጥርህ እዚህ ይሠራ እንደ ሆነ» ብሎ ይደውልለታል። ጥሪው በቀጥታ ወደ ማዶው ወንበር አይሄድም። ከደብረ ታቦር ተነሥቶ፥ ውቅያኖስ ተሻግሮ፥ አሜሪካ ይገባል፤ በዚያ ያለው ኩባንያ «ደንበኛዬ ያለው ኢትዮጵያ ነው» ብሎ በመጣበት ይመልሰዋል። አጎት ለውጭ አገር ጥሪ ይከፍላል። የእህት ልጅ ደግሞ ጥሪውን ስለ ተቀበለ ይከፍላል። ሁለት ሰዎች በክንድ ርቀት ተቀምጠው፥ አንድ ቃል ሁለት ጊዜ ባሕር አሻግረው፥ ሁለቱም ከፋይ ሆኑ ማለት ነው።

ምክንያቱ ይህ ነው። የእንግዳው ኩባንያ በኢትዮጵያ ምድር አንድ ምሰሶ እንኳ የለውም። የአገሩን ድርጅት መረብ ይከራያል፤ ለኪራዩ በጅምላ ዋጋ ይከፍላል፤ የራሱን ትርፍ ጨምሮ ከደንበኛው ይቀበላል። ደንበኛውም መንገደኛ ነውና ዋጋ የሚያማርጥበት ጊዜና ቦታ የለውም። አማራጭ የሌለው ገዢ ያለበት ገበያ ደግሞ ዋጋው እንደሚያብጥ የታወቀ ነው።

ከድምፁ ይልቅ የሚጐዳው ኢንተርኔቱ ነው። ባለቤቱ ቆሞ ሲያስቀድስ ስልኩ በኪሱ ሆኖ ፎቶግራፍ ይልካል፤ መልእክት ይቀበላል፤ ራሱን ያድሳል። ሒሳቡ የሚታወቀው አገር ቤት ከተመለሰ በኋላ ነው። ስለዚህ እንግዳው አውሮፕላኑ ሳያርፍ «ዳታ ሮሚንግ» የሚለውን ማጥፋት፥ ከመነሣቱም በፊት ኩባንያውን ለኢትዮጵያ የተለየ የመንገደኛ ጥቅል ካለው መጠየቅ አለበት። ከሁሉ የሚሻለው ግን እዚህ ሲደርስ የአገሩን ሲም ገዝቶ ማስገባት ነው። ይህን ማድረግ የሚችለው ደግሞ ስልኩ ያልተቈለፈ ሰው ብቻ ነው። የተቈለፈ ስልክ የያዘው ወድዶ ሳይሆን ግዱን ሮሚንግ ይከፍላል። ቍልፉና ሮሚንጉ የአንድ በሬ ሁለት ቀንዶች መሆናቸውን ያስተዋለ ሰው፥ ስለ አንዱ ሲያማርር ሌላውን አይረሳም።

ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ በነበረ ጊዜ ይህ ነገር ይበልጥ ተሰማ። በዋትሳፕና በኢሞ መነጋገር የለመደ ቤተ ሰብ ወደ ተራው ጥሪ ተመለሰ። ያን ጊዜ የእያንዳንዱ ደቂቃ ዋጋ በየቤቱ ተቈጠረ።

ከአገራችን ወደ ውጭ የሚወጣውም ሰው እንዲሁ ነው። ለፋሲካ ኢየሩሳሌም የሚሳለም፥ ለንግድ ዱባይ የሚመላለስ ሰው የኢትዮጵያ ሲሙን ይዞ ከሄደ፥ የሚሄድበት አገር የደቂቃ ዋጋ ስንት እንደ ሆነ፥ ለሚቀበለውም ጥሪ ይከፍል እንደ ሆነ ከመነሣቱ በፊት ከድርጅቱ ጠይቆ ማወቅ አለበት። ይህን መጠየቅ ልመና አይደለም። ዋጋውን ሳያውቅ ምሳ የሚያዝዝ ሰው የለምና።

«የኩባንያ ዋጋ እንደ ወረደ ነው፤ ምን ይደረጋል?» የሚል ሰው ቢኖር ተሳስቷል። የአውሮጳ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2007 ለሮሚንግ ጣሪያ አበጀ፤ ለሚደወል ደቂቃ 49 ሳንቲም፥ ለሚቀበሉት ደቂቃ 24 ሳንቲም የዩሮ ከግብር በፊት ብሎ ወሰነ። ከዚያ እየቀነሰ ሄዶ ከጁን 15 ቀን 2017 ጀምሮ በኅብረቱ አገሮች መካከል ተጨማሪ ክፍያው ቀረ። በምሥራቅ አፍሪካም ኬንያ፥ ኡጋንዳና ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. ከ2014 መጨረሻ ገደማ ጀምሮ እርስ በርሳቸው ያለውን የሮሚንግ ጥሪ ዋጋ ዝቅ አድርገዋል። በአገራችንም ኢትዮ ቴሌኮም በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የአገር ውስጥ የሞባይል ጥሪን 40 ከመቶ፥ የሞባይል ኢንተርኔትን 43 ከመቶ ቀንሶ ነበር። ዋጋን ሰው ያወጣዋል፤ ሰውም ያወርደዋል።

ባለቤቱ ካልጮኸ

በእኛ አገር አቤት ማለትን እንደ ጠብ፥ ዕቃ መመለስን እንደ ነውር የሚቈጥር ሰው ጥቂት አይደለም። የተበላሸ ስልክ የገዛ ሰው ለባለ ሱቁ ሳይናገር ለጐረቤቱ ሁሉ ይናገራል። ቀኑ ካለፈ በኋላ ሲነሣ ደግሞ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆንበታል። የቀድሞ አባቶች ባለቤቱ ካልጮኸ ጐረቤት አይረዳም ያሉት ለዚህ ነው።

መንገዱም ያን ያህል የራቀ አይደለም። ዕቃው ከነጋዴ የተገዛ ከሆነ መጀመሪያ ደረሰኙን ይዞ ወደ ሻጩ መሄድ፥ ሻጩ እንቢ ካለ ወደ ከተማው ወይም ወደ ዞኑ ንግድ ጽሕፈት ቤት ማመልከት ነው። አቤቱታው በአገልግሎት ላይ ከሆነ፥ ማለትም ያልተጠቀሙበት ሒሳብ ከተቈረጠ፥ የተገዛው ጥቅል ካልገባ፥ የሮሚንግ ክፍያው ካልተብራራ፥ መጀመሪያ ለራሱ ለድርጅቱ ማስታወቅ ይገባል፤ የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኞች የሚደውሉበት ቍጥር 994 ነው። በዚያ መፍትሔ ካልተገኘ በአዋጅ ቍጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አለ። በየቦታው ቀኑን፥ ያነጋገሩትን ሰው ሥራና የተሰጠውን መልስ በወረቀት መያዝ ያስፈልጋል። ሒሳብ መቈረጡን የሚያሳየውን መልእክት አለማጥፋትም ከአሥር ምስክር ይበልጣል።

ይህን ስንል ግን መብት ያልሆነውን ሁሉ መብት ማድረግ አይደለም። ስልኩን ርብ ወንዝ ውስጥ ጥሎ «ይለወጥልኝ» የሚል ሰው ሸማች ሳይሆን አስቸጋሪ ነው። «ቍልፍ ነው፥ ስለዚህ በግማሽ ዋጋ ውሰደው» ተብሎ፥ ዐውቆና ተስማምቶ የገዛ ሰውም በማግስቱ ተታለልሁ ሊል አይችልም። በአሜሪካ ዕዳውን ሳይከፍል ስልኩን ልኮ «ለምን አይከፈትም?» የሚልም ከኩባንያው ይልቅ ራሱን ይጠይቅ። ከዚህም በላይ ከጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠችው ልጅ ዋጋውን ያወጣች፥ ቍልፉንም የሠራች አይደለችምና፥ እርስዋን መስደብ አቤቱታን አያጠነክርም። ሸማች በአክብሮት የመስተናገድ መብት እንዳለው የተነገረው ሌላውን እንዲያዋርድ አይደለም።

ስለዚህ በዚህ ዓመት ከውጭ አገር ስልክ የሚጠብቅ ቤት ሁሉ፥ ሳይውል ሳያድር ለላኪው ደውሎ ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ዕዳው አልቋል ወይ? ተከፍቷል ወይ? ስምህን አውጥተሃል ወይ? ሦስቱም «አዎን» የሆነ እንደ ሆነ ስልኩ በሰላም ይምጣ። አንዱ «አይደለም» ከሆነ ግን በዚያው ይቆይ። አሜሪካ እያለ የሚከፍተው ሰው አለው፤ ፋርጣ ከደረሰ በኋላ ግን ብዙ ደጅ ማስጠናቱ አይቀርም።